ገጻችሁ በሌላ ሰው ባር ሥር ሲከፈት፦ ችግርና መፍትሄ

ሐጂ ወደ ሱቁ የገቡት ስልካቸውን ከፊታቸው ዘርግተው ነው። ከዚራ ያለችው ኮምፒውተርና ፎቶ ኮፒ ቤታችን ከሰዓት በኋላ ጭር ትላለች። ሙቀቱም በርጫውም ሰውን ቤቱ ያስቀምጠዋል። በዚያ ሰዓት ሐጂ ከመጋላ ተነስተው ከመጡ ነገር አለ ማለት ነው።

«አንተ ልጅ፣ በየወሩ የምከፍለው ላንተ ነው ወይስ ለዚህ ሰውዬ?»

ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። ከድሬ ሐረር ስላለው ትራንስፖርት የጻፍኩት ገጽ ተከፍቷል። የሐጂ ፔንሲዮን ማስታወቂያም ቦታው ላይ አለ። ከላይ ግን አውራ ጣት የሚያክል ሰማያዊ ባር ተጋድሟል። የማላውቀው ድርጅት አርማ አለበት። «ሼር» የሚል ቁልፍ አለበት። ጥግ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል የመዝጊያ ምልክት አለች፤ ሐጂ ሦስቴ ነክተው ስተዋታል። አድራሻው ላይ የኔ ሳይት ስም የለም፤ የሆነ አጭር ሊንክ ነው ያለው።

«ሳይትህን ሸጥከው እንዴ አቦ?»

አልሸጥኩትም። ግን ለሐጂ ማስረዳት ከባድ ነበር፣ እኔም ራሴ ነገሩን በደንብ ለመረዳት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ትንሽ ሳይት ያላችሁ ሰዎች ያንን ሁለት ቀን እንዳታባክኑ ያየሁትንና የሞከርኩትን እዚህ አስቀምጣለሁ።

ባሩ ምንድን ነው?

አንድ ሰው የእናንተን ሊንክ ወስዶ በማሳጠሪያ ወይም በማጋሪያ አገልግሎት ያሳጥረዋል። አጭሩን ሊንክ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጥፈዋል። አንባቢው ሲነካው ወደ እናንተ መሄድ ሲገባው መጀመሪያ የሚከፈተው የአገልግሎቱ ገጽ ነው። ያ ገጽ ከላይ ባሩን ያስቀምጥና ከሥሩ መስኮት ከፍቶ የእናንተን ገጽ ያሳያል። መስኮቱ ፍሬም ይባላል።

መጋላ ውስጥ ሱቅ አለኝ በሉ። ሌሊት አንድ ሰው መጥቶ በበሬ ላይ የራሱን ታፔላ ሰቀለ። ደንበኛው ይገባል፣ የማስተናግደው እኔ ነኝ፣ ኪራዩንም መብራቱንም የምከፍለው እኔ ነኝ። «የት ገዛህ?» ሲባል ግን የታፔላውን ስም ይናገራል። ፍሬምም እንዲሁ ነው። ገጹ የሚጫነው ከእናንተ ሰርቨር ነው፣ የሆስቲንጉ ወጪ የእናንተ ነው፤ ስሙ ግን የሌላ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ዋሽንግተን ፖስትና ሲኤንኤንን ጨምሮ በርካታ የአሜሪካ ሚዲያዎች ቶታልኒውስ የሚባል ሳይት ከሰው ነበር። ቶታልኒውስ የነሱን ዜና በራሱ ፍሬም ውስጥ እየከፈተ ዙሪያውን የራሱን ማስታወቂያ ያሳይ ነበር። ፍርድ ቤት ውሳኔ ሳይሰጥበት በዚያው ዓመት ተስማሙ፤ ሊንክ ማድረግ ይችላል፣ ፍሬም ማድረግ ግን አይችልም። ከዚያ በኤፕሪል 2009 ዲግ የሚባለው የሊንክ ማጋሪያ ሳይት ዲግባርን አመጣ። ልክ የሐጂ ስልክ ላይ እንዳየሁት ዓይነት ባር ነው። ጸሐፊዎች ጮሁ። አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ጆን ግሩበር የሚባለው አሜሪካዊ፣ በባሩ በኩል የሚመጣውን ሰው ገጹን እንዳያይ ዘጉበት። ዲግ መጀመሪያ አባል ላልሆኑ ጎብኚዎች ባሩን ትቶ በቀጥታ ወደ ዋናው ገጽ መላክ ጀመረ፤ ከዓመት በኋላ፣ በኤፕሪል 2010፣ የዲግ መሥራች ኬቪን ሮዝ ባሩ ጨርሶ እንደሚነሳ ተናገረ። እነዚያ ሰዎች ጮኸው ተሰምተዋል። የእኛን ጩኸት የሚሰማ ስለሌለ በሩን ራሳችን መቆለፍ አለብን።

ከምንም በፊት፦ እውነት ፍሬም ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቻለሁ። ሲያዩዋቸው የሚመሳሰሉ ሦስት ነገሮች አሉ። መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው።

ሊንኩን ክፈቱ። ከዚያ በገጻችሁ ውስጥ ያለ ሌላ ጽሑፍ ላይ ንኩ። ገጹ ተቀይሮ ከላይ ያለው አድራሻ ግን ንቅንቅ ካላለ ፍሬም ውስጥ ናችሁ።

ኮምፒውተር ካላችሁ ደግሞ ይበልጥ ይጠራል። በጽሑፉ መሃል የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ተጫኑ። ክሮም ላይ የፍሬሙን ምንጭ እይ የሚል ምርጫ ከመጣ፣ ፋየርፎክስ ላይ ደግሞ ይህ ፍሬም የሚል ዝርዝር ከታየ፣ አለቀ፤ ፍሬም ነው።

ባሩ ከላይ ኖሮ አድራሻው የእናንተ ከሆነስ? ያ ፍሬም አይደለም፤ የአፕሊኬሽኑ የራሱ ብራውዘር ነው። ቴሌግራምና ፌስቡክ ውስጥ ሊንክ ስትነኩ የሚከፈተው ማለት ነው። አድራሻው የሌላ ሰው ሆኖ፣ ውስጡን ስትነኩ አድራሻው አብሮ የሚቀየር ከሆነ ደግሞ ገጻችሁን የገለበጠ ሰው አለ። ሁለቱንም ወደ ታች እመጣባቸዋለሁ።

ምልክት፦ አንባቢ አለ፣ ስማችንን የሚያውቅ ግን የለም

ምክንያቱ ከላይ የተናገርኩት ነው። የከፋው ግን የመጀመሪያው አንባቢ አይደለም፤ ከሱ በኋላ የሚመጣው ነው። ሰውዬው ጽሑፉን ይወደውና አድራሻውን ኮፒ አድርጎ ለጓደኛው ይልካል። የሚልከው የባሩን ሊንክ ነው። ጓደኛውም ለሌላ። ሰንሰለቱ በሙሉ በነሱ በር ያልፋል። ነገ ያ አገልግሎት ቢዘጋ ሊንኮቹ ሁሉ አብረውት ይሞታሉ፤ የእናንተ ገጽ ግን ሕያው ሆኖ ጠያቂ ያጣል። ጉግልም ቢሆን የሰዉ ሊንክ የሚያመለክተው ወደነሱ አድራሻ ስለሆነ ለእናንተ የሚቆጥርላችሁ ነገር ይቀንሳል።

መፍትሄው ቁልፍ ነው፤ ቁልፉም ሁለት ዓይነት ነው። አሮጌው ኤክስ-ፍሬም-ኦፕሽንስ ይባላል። ማይክሮሶፍት በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 8 ይዞት የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፣ ዲግባር በወጣበት ዓመት። የተሠራው ግን ለባር ተብሎ አልነበረም። አጭበርባሪዎች ገጻችሁን በማይታይ ፍሬም ሌላ ገጽ ላይ ደርበው፣ ሰው አንዱን ነካሁ ሲል ሌላውን እንዲነካ ያደርጉ ነበር። ለዚያ መከላከያ ነው የመጣው። ለባርም ሠራ። አዲሱ ደግሞ ኮንቴንት-ሴኩሪቲ-ፖሊሲ ውስጥ ያለው ፍሬም-አንሴስተርስ የሚባለው ትእዛዝ ነው። ሁለቱም ሰርቨሩ ገጹን ሲልክ ከፊት ለፊት አብሮ የሚልከው ማስታወሻ ናቸው። ማስታወሻውን ብራውዘሩ ያነባል፤ «ከራሴ ሳይት በስተቀር በማንም ፍሬም ውስጥ አታሳየኝ» ይላል፤ ብራውዘሩም ይታዘዛል።

ሐረር ላለው ጓደኛዬ በስልክ እንዳነበብኩለት ላንብብላችሁ። ፋይሉ ላይ ስትጽፉ ሁሉም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ እኔ የማስቀምጠው አነባበቡን ነው።

ሆስቲንጋችሁ ገጹን የሚያቀርበው አፓቼ በሚባለው ፕሮግራም ከሆነ ዋናው ፎልደር ውስጥ ነጥብ ኤችቲአክሰስ የሚል ፋይል አለ። እዚያ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ሄደር፣ ኦልዌይስ፣ ሴት፣ ኮንቴንት-ሴኩሪቲ-ፖሊሲ፣ ከዚያ ድርብ ጥቅስ ክፈቱ፣ ፍሬም-አንሴስተርስ፣ ክፍት ቦታ፣ በነጠላ ጥቅስ ውስጥ ሴልፍ፣ ድርብ ጥቅሱን ዝጉ። ነጠላ ጥቅሷን እንዳትረሷት። ጓደኛዬ ረስቷት ግማሽ ሰዓት ተጨቃጭቀናል። እሷ ከሌለች ብራውዘሩ ሴልፍ የሚባል ሳይት ያለ ይመስለዋል።

ከሥሩ ለአሮጌ ብራውዘሮች ሁለተኛ መስመር፦ ሄደር፣ ኦልዌይስ፣ ሴት፣ ኤክስ-ፍሬም-ኦፕሽንስ፣ ሴምኦሪጂን። ሁለቱ አይጣሉም። አዲሱን የሚያውቅ ብራውዘር አዲሱን ይከተላል፣ የማያውቀው አሮጌውን።

ኤንጂንኤክስ የሚባለው ሌላው ፕሮግራም ከሆነ ነጥብ ኤችቲአክሰስን አያነብም። ሺህ ጊዜ ብትጽፉበት ከምንም አይቆጥረውም። እዚያ በራሱ ማዋቀሪያ ፋይል ላይ አድ-ሄደር በሚለው ትእዛዝ ነው የሚገባው፤ አድና ሄደር በታች ሰረዝ ይያያዛሉ። ፋይሉን መንካት ካልተፈቀደላችሁ ለሆስቲንግ ድርጅቱ ጻፉላቸው።

ምልክት፦ ቁልፉን አስገባሁ፣ ባሩ ግን አሁንም አለ

አይዟችሁ። ከአምስት ነገሮች አንዱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው።

ካሽ። ገጹን ለማፋጠን የጫናችሁት ፕለጊን ወይም በመሃል ያለው እንደ ክላውድፍሌር ያለ አገልግሎት የድሮውን ቅጂ ይዞ ነው የሚያቀርበው። የድሮው ቅጂ ማስታወሻው የለውም። ካሹን አጽዱ፣ ከዚያ ሰው ከፍቶበት በማያውቅ ስልክ ሞክሩ። እኔ የሱቁን ልጅ ስልክ ነው የምዋሰው።

ማስታወሻውን ገጹ ውስጥ፣ ሄድ በሚባለው የኮዱ መጀመሪያ ክፍል፣ ሜታ በሚባል መለያ ጽፋችሁት ይሆናል። ኢንተርኔት ላይ «ይቺን ሜታ ሄድ ውስጥ ለጥፍ» የሚል ምክር ሞልቷል። ኤክስ-ፍሬም-ኦፕሽንስም ሆነ ፍሬም-አንሴስተርስ በሜታ አይሠሩም። ብራውዘሩ እያየ ያልፋቸዋል። ከሰርቨሩ መምጣት አለባቸው።

አላው-ፍሮም የሚል ቃል ተጠቅማችሁ ይሆናል። አንድን ሳይት ለይቶ ለመፍቀድ ድሮ የነበረ ነው። ክሮም ከመጀመሪያውም አልተቀበለውም። አውጡት፤ ለዚያ የሚያገለግለው ፍሬም-አንሴስተርስ ነው።

አንዳንዴ ሁለት ቦታ ጽፋችሁት እርስ በርሱ ይምታታል። የደህንነት ፕለጊኑ አንድ ይልካል፣ ፋይሉ ሌላ። ኮምፒውተር ላይ ኤፍ12ን ተጫኑ፣ ኔትወርክ የሚለውን ክፈቱ፣ ገጹን እንደገና ጫኑ፣ የመጀመሪያውን መስመር ንኩና የሰርቨሩን መልስ እዩ። ሁለቱ ማስታወሻዎች እያንዳንዳቸው እዚያ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ መታየት አለባቸው።

አምስተኛው ያው ነው፤ ነገሩ ፍሬም አልነበረም።

ምልክት፦ ከቁልፉ በኋላ የራሴ ነገር ተበላሸ

ዎርድፕሬስ ላይ መልኩን የምትቀይሩበት ቦታ ባዶ ሆነ? ምክንያቱ ሴምኦሪጂን በማለት ፈንታ ዲናይ ስላላችሁ ነው። ዲናይ ማለት ማንም፣ ራሴም ብሆን፣ ማለት ነው። ያ መቀየሪያ ደግሞ የራሳችሁን ገጽ በፍሬም ከፍቶ ነው የሚያሳያችሁ። ሴምኦሪጂን አድርጉት፤ ፍሬም-አንሴስተርስ ላይ ደግሞ «ነን» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ካለ በሴልፍ ተኩት።

ሌላው፣ በፈቃዳችሁ ገጻችሁን ፍሬም የሚያደርግ ወዳጅ ሊኖር ይችላል። የኔን የትራንስፖርት ሠንጠረዥ አንድ ማረፊያ ቤት ለእንግዶቹ በራሱ ሳይት ላይ ያሳያል። ጠይቆኝ ነው፣ ስሜንም ከሥሩ ጽፏል። ቁልፉን ያስገባሁ ዕለት የሱም ጠፋ። እንዲህ ዓይነቱን ከሴልፍ ቀጥሎ ክፍት ቦታ ትታችሁ ሙሉ አድራሻውን ከኤችቲቲፒኤስ ጀምሮ ጨምሩት። ለአድራሻ ነጠላ ጥቅስ አያስፈልግም።

ምልክት፦ ቁጥሩ አድጓል፣ ገቢው ግን አላደገም

ይሄኛው ለማየት ይከብዳል፤ ጥሩ ዜና ይመስላልና። እኔ በአንድ ሳምንት «አዲስ ጎብኚ» የሚለው ቁጥር ሲጨምር ለሐጂ በኩራት አሳይቻቸው ነበር። በኋላ ነው ያፈርኩት።

ምክንያቱ ኩኪ ነው። የጎብኚ መቁጠሪያው አንድን ሰው የሚያስታውሰው ብራውዘሩ ላይ ትንሽ ምልክት ጥሎ ነው። ገጻችሁ በሌላ ሳይት ፍሬም ውስጥ ሲሆን ብራውዘሩ እናንተን እንደ እንግዳ ያያችኋል። ሳፋሪ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የእንግዳ ኩኪ ጨርሶ አይቀበልም። ክሮምም በዚያው ዓመት፣ ፈቃዱ በግልጽ ካልተጻፈበት በስተቀር፣ በፍሬም ውስጥ ኩኪ ማለፉን አቆመ። ምልክቱ ስለማይቀመጥ አንድ ሰው አራት ገጽ ቢያነብ አራት ሰው ሆኖ ይቆጠራል። የመጣበት ቦታ ደግሞ ሁሌ ያው አንድ የማታውቁት ሳይት ነው።

መፍትሄው ያው ቁልፉ ነው። ቁልፉን ከማስገባታችሁ በፊት ግን «ከየት መጡ» የሚለውን ዝርዝር ክፈቱና የባሩን አድራሻ ፈልጉ። ስንት እንዳመጣ ጻፉት። ማስታወቂያ ከፋይ ካላችሁ ያንን ቁጥር ለብቻው ንገሩት። ሐጂ ቁጥሩ መቀነሱን ስነግራቸው አልተቆጡም፤ የተቆጡት መጀመሪያ ስኮራ ነበር።

ምልክት፦ መግባት አልቻልኩም እያሉ ይደውላሉ

አባላት ያሉት ሳይት ከሆነ። የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው፣ ገባሁ ሲል ተመልሶ ይወጣል። ወይም የመግቢያው ገጽ ባዶ ነው። የመጀመሪያው የዚያው የኩኪ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዎርድፕሬስ የመግቢያውን ገጽ ከድሮም በሰው ፍሬም ውስጥ ስለማያስከፍት ነው፤ ጎበዝ ነው። ለደዋዩ «አድራሻውን ራስህ ጽፈህ ክፈት» በሉት።

ምልክት፦ ገጹ ተቆርጧል፣ ሜኑው ተደብቋል

ስልኩ ትንሽ ነው፣ ባሩ ከላይ በልቶታል፣ አንዳንዴ ሁለት ስክሮል ይፈጠራል። ዲዛይናችሁን አትንኩ። ባሩ ሲሄድ ይስተካከላል።

መቆለፍ ለምትፈሩ

ቁልፉ ዋጋ አለው። ባሩን ይዞ የመጣ አንባቢ ገጻችሁ ሲከለከል የሚያየው ነጭ ባዶ ወይም «ግንኙነቱን አልተቀበለም» የሚል ግራጫ ጽሑፍ ነው። የሚወቅሰው እናንተን ነው። አንዳንድ አገልግሎት ማስታወሻውን ሲያይ ባሩን ትቶ በቀጥታ ይልካል፤ አንዳንዱ ደግሞ አይልክም። አዲስ ሳይት ከሆነና አብዛኛው አንባቢ በዚያ በር የሚመጣ ከሆነ ለስለስ ያለ መንገድ አለ።

ሄድ ውስጥ ቤዝ የሚል መለያ አስገቡና ታርጌቱን ታች-ሰረዝ-ቶፕ በሉት። በቃ፣ አንድ መስመር ናት። የመጀመሪያው ገጽ በፍሬም ይከፈታል፤ አንባቢው ውስጡ ያለ ማንኛውንም ሊንክ ሲነካ ግን ፍሬሙ ተሰብሮ በእናንተ አድራሻ ይከፈታል። በቀጥታ ለሚመጣ ሰው ምንም ለውጥ የለውም። እኔ መጀመሪያ ሳምንት የተጠቀምኩት ይሄንን ነው፤ ለትንሽ ሳይት ከቁልፉ ቀድሞ ቢሞከር ይሻላል እላለሁ።

ድሮ ጃቫስክሪፕት ነበር፤ ገጹ ፍሬም ውስጥ መሆኑን ሲያውቅ ራሱ ዘሎ የሚወጣ። አሁን አትመኑት። ሰው ሳይነካ የሚዘልን ገጽ ክሮም ያስቆመዋል፤ ባሩም ሳንድቦክስ በሚባል ቃል እግሩን ሊያስረው ይችላል። ጃቫስክሪፕት ከወደዳችሁ ፍሬም ውስጥ መሆኑን ሲያውቅ «በዋናው ገጻችን ክፈት» የሚል ቁልፍ ብቻ ያሳይ። ሰው ሲነካው ብራውዘሩ በአብዛኛው ይፈቅዳል።

ካኖኒካል የሚለውን መለያም አትርሱ። ጉግል፣ ያሁና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2009 ተስማምተው ያመጡት ነው። የገጹን ትክክለኛ አድራሻ ሙሉውን ጻፉበት። ባሩን አያነሳም፤ ፈላጊ ሞተሩ ግን ባለቤቱ ማን እንደሆነ ያውቃል።

ባሩ የአፕሊኬሽኑ ሲሆን

ዛሬ ዛሬ ብዙው ሰው የሚያየው ይሄንን ነው። ፌስቡክ ውስጥ ሊንክ ነካ፣ ገጹ እዚያው ተከፈተ፣ ከላይ የፌስቡክ መስመር አለ። ይሄ ፍሬም ስላልሆነ ከላይ ያልናቸው ቁልፎች አንዳቸውም አይነኩትም። አድራሻው የእናንተ ነው። ኩኪውም አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፤ ግን ከዋናው ብራውዘር ጋር አይጋራም፤ ክሮም ላይ የገባ አባል እዚህ እንደ አዲስ ይጠየቃል።

ቁልፍ ከሌለ ምን ይደረጋል? ስማችሁን ከአድራሻው አውጥታችሁ ገጹ ውስጥ አስገቡት። የሳይታችሁ ስም ከርዕሱ በላይ በግልጽ ይታይ። ፎቶ ላይ ጥጉ ላይ ይጻፍ። የራሳችሁ የ«ሊንኩን ቅዳ» ቁልፍ ይኑራችሁ፤ እሱን የነካ ሰው የሚልከው የእናንተን አድራሻ ነው። ኦፕን ግራፍ የሚባሉትን መለያዎች ሙሏቸው፤ ሊንኩ ግሩፕ ላይ ሲለጠፍ የሚወጣው ፎቶና ርዕስ ከነሱ ነው የሚመጣው። ይሄን ሁሉ ስሠራ የፈጀብኝ አንድ ከሰዓት ነው፣ መብራት አንዴ ሄዶብኝ።

አድራሻው የሌላ፣ ፍሬምም ያልሆነ፦ የሐረሩ ጉዳይ

ጓደኛዬ ጀጎል ውስጥ ያሉ የሐረሪ ቤቶችን ፎቶ ያነሳል። ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ሞሶቦችና ሳህኖች፣ ቀይ የተቀባውን መደብ። ሳይቱ ላይ ያወጣቸዋል። አንድ ቀን ደወለ፦ «ያልከኝን ቁልፍ አስገባሁ፣ ካሽ አጸዳሁ፣ ሰውዬው አሁንም ያሳያል።»

በደንገጎ አድርጌ ለመሄድ ሲቃጣኝ መጀመሪያ አንድ ነገር ጠየቅሁት። «እስቲ አንዱን ርዕስ ቀይር።» ቀየረ። የሰውዬው ገጽ ላይ ግን የድሮው ርዕስ ነበር፣ በማግስቱም እንደዚያው።

ፍሬም ቢሆን ኖሮ ወዲያው ይቀየር ነበር፤ ምክንያቱም ፍሬም መስኮት ነው፣ ማዶ ያለውን ነው የሚያሳየው። ይሄ ግን ፎቶና ጽሑፉ ተገልብጦ ሌላ ሰርቨር ላይ ተቀምጧል። አንዳንዱ ገልባጭ ደግሞ በደቂቃዎች ልዩነት እያደሰ ይገለብጣል፤ ያኔ ርዕሱ ቢቀየርም የገጹን ምንጭ ስትከፍቱ ፍሬም የሚባል ነገር አታገኙበትም።

እዚህ የብራውዘር ቁልፍ ዋጋ የለውም። ገጹን የሚወስደው ብራውዘር ሳይሆን ፕሮግራም ነው፣ ማስታወሻ አያነብም። የሚሠራው፦ የሁለቱንም ገጽ ስክሪንሾት ከነቀኑ ያዙ። የገልባጩ ሳይት የትኛው ሆስቲንግ ላይ እንዳለ ፈልጉ፤ ሁኢዝ በሚባለው መፈለጊያ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። ለዚያ ሆስቲንግ ድርጅት የቅጂ መብት አቤቱታ ጻፉ፤ ብዙዎቹ ለዚህ የተዘጋጀ ቅጽ አላቸው። ጉግልም ከፍለጋ ውጤት ለማስወጣት የራሱ ቅጽ አለው። ገልባጩ አገር ውስጥ ከሆነ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂና ተዛማጅ መብቶችን ይጠብቃል፤ ፎቶግራፍም እዚያ ውስጥ አለ። ጓደኛዬ ኦሪጅናል ፋይሎቹን ከካሜራው እንደወጡ ስላስቀመጣቸው ባለቤትነቱን ለማሳየት አልተቸገረም። እናንተም አትሰርዙ።

ፎቶዎቹ ብቻ ከእናንተ ሰርቨር በቀጥታ እየተጫኑ ከሆነ ደግሞ እሱ ሌላ በሽታ ነው። ሆትሊንክ ይባላል፤ የሆስቲንጋችሁ መቆጣጠሪያ ላይ መዝጊያ አለው።

ወደ ሐጂ ስልክ

ቁልፉን አስገብቼ፣ ካሹን አጽድቼ ሐጂ ጋ መጋላ ወረድኩ። እዚያው አጭሩን ሊንክ እንደገና ነኩት። ያኛው አገልግሎት ቁልፉን ሲያይ ባሩን ትቶ በቀጥታ ከሚልኩት ወገን ሆኖ ተገኘ። ሰማያዊው ባር የለም። አድራሻው ላይ የኔ ስም። ሐጂ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ስልኩን ራቅ አድርገው ያዙ፣ ማስታወቂያቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ገጽ አዩት። ትንሽ ዝም አሉ።

«ይሄ ስልክ ቁጥር እኮ ያምናው ነው።»